ተማሪዎችን በጀልባ ወደ ዘጌ ወስዶ መመለስ፦ ከመዋጮው እስከ መልሱ

መጀመሪያ ተማሪ ይዤ ጣናን የተሻገርሁ ጊዜ ሁለት ጥፋት አጥፍቻለሁ። አንደኛው የሒሳብ ነው። የጀልባውን ዋጋ በተመዘገበው ልጅ ቁጥር አካፍዬ ሰበሰብሁ፤ ልንነሣ ሁለት ቀን ሲቀረን ዘጠኝ ልጆች ቀሩ፤ ጀልባው ግን ዋጋውን አልቀነሰም። ጉድለቱን ከደመወዜ ሞላሁ። ሁለተኛው የባሰ ነበር። ባለ ጀልባው «መንገዳችን ላይ ነው» ብሎ ክብራን ገብርኤል ሊያሳርፈን ሲል እሺ አልሁ። ክብራን ሴት የማይገባበት ገዳም ነው። ወንዶቹ ሽቅብ ሲወጡ ሴቶቹ ተማሪዎቼ ዳር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ከመካከላቸው አንዷ «መምህር፣ እኛም እኩል ነው የከፈልነው» ያለችኝ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ይህ መመሪያ ክበብ ለተሰጣቸው መምህራን፣ ለርዕሳነ መምህራንና ለወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት አባላት ነው። ሃምሳ ያህል ተማሪ ይዞ ከባሕር ዳር ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ለሚመለስ ጉዞ የተሠራ ነው። ስለ ገዳማቱ ታሪክ እዚህ አታገኙም፤ እሱን ለተማሪዎቹ ሥራ ትቼዋለሁ፤ ደረጃ 7ን ተመልከቱ። ጊዜ ካጠራችሁ ግን ደረጃ 3ን እና ደረጃ 6ን ሳታነቡ አትነሡ። ጉዞ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ገና ውኃው ሳይነካ ነው።

ደረጃ 1፦ ቦታውንና ቀኑን ቁረጡ (6 ሳምንት ሲቀር)

*ቦታ*

«ጣና እንሄዳለን» ብላችሁ አትመዝግቡ። የት እንደምትወርዱ በስም ጻፉ።

1. ዘጌ ጣና ዳር ያለ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ እዚያ ያሉት የዑራ ኪዳነ ምሕረትና የአዝዋ ማርያም ገዳማት ሴትም ወንድም ይገባባቸዋል። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከ5ኛ ክፍል በላይ ላሉ ልጆች የምመርጠው ይህንን ነው።
2. ደብረ ማርያም ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ያለች ቅርብ ደሴት ናት፤ ሴቶችም ይገባሉ። ለትንንሾቹ እሷ ትበቃለች። አንድ ሰዓት ጀልባ ላይ መቀመጥ ለ2ኛ ክፍል ልጅ ቅጣት ነው።
3. ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለወንድ ብቻ ናቸው። ሴትና ወንድ አብረው የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከዝርዝሩ ያውጣቸው። «ሴቶቹ ጀልባ ላይ ይቆዩ» የሚል መፍትሔ መፍትሔ አይደለም።
4. ናርጋ ሥላሴ ሴቶችም ይገቡበታል፤ ግን ሩቅ ነው። ለአንድ ቀን የተማሪ ጉዞ አታስቡት።

*ቀን*

ኅዳርና ታኅሣሥ ጥሩ ናቸው። ክረምቱ አልፏል፣ ዘጌ ላይ ቡና ይለቀማል፣ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተናም ገና ነው። በእነዚህ ወራት ውስጥ ቀን ስትመርጡ፦

- ወር በገባ በ16 ወደ ዑራ፣ በ21 ወደ አዝዋ አትሂዱ። የኪዳነ ምሕረትና የማርያም ቀን ስለሆነ ምእመኑ ይበዛል፤ ካህናቱም እናንተን ለማስተናገድ ጊዜ የላቸውም።
- እሑድን ተዉት፤ ጠዋት ቅዳሴ ነው። ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ጾመ ነቢያት ስለሆነ በአዘቦት ቀን ቅዳሴው ወደ ቀትር ይሄዳል፤ ስለዚህ ጠዋት ደርሶ ከቀትር በፊት መውጣት ለሁሉም ይመቻል።
- ቅዳሜ ትምህርት አይስተጓጎልም፤ ነገር ግን ጎብኚ ስለሚበዛ ጀልባ ይወደዳል። እኔ ሐሙስን እመርጣለሁ። የሚተካ መምህር ማግኘት ጣጣ ቢኖረውም ጀልባው ላይ የምታተርፉት ይክሰዋል።

አንድ ተለዋጭ ቀን ከአሁኑ ያዙ። በወላጅ ቅጹ ላይ ሁለቱንም ቀኖች ጻፉ፤ አለበለዚያ ጉዞው በተራዘመ ቁጥር ቅጽ ስታሰባስቡ ትከርማላችሁ።

ደረጃ 2፦ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ (5 ሳምንት ሲቀር)

1. ለርዕሰ መምህሩ የአንድ ገጽ ዕቅድ አቅርቡ፤ ቦታ፣ ቀን፣ የተማሪ ብዛት በጾታ፣ አጃቢ መምህራን፣ ጉዞው ከየትኛው የትምህርት ዓይነትና ምዕራፍ ጋር እንደሚያያዝ። የመጨረሻውን ካልጻፋችሁ «ሽርሽር ነው» ተብሎ ይመለሳል፤ መመለሱም ተገቢ ነው።
2. ዕቅዱ በወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት ስብሰባ ላይ ቀርቦ በቃለ ጉባኤ ይጽደቅ። የመዋጮው መጠን በዚህ ቃለ ጉባኤ ላይ መስፈር አለበት። ቃለ ጉባኤ የሌለው ክፍያ አንድ ወላጅ ሲቆጣ የሚፈርስ ክፍያ ነው።
3. ትምህርት ቤቱ ለከተማው ትምህርት መምሪያ በደብዳቤ ያሳውቅ።
4. ለገዳሙ አስተዳደር የትብብር ደብዳቤ ያዘጋጁላችሁ። ዋናውን ያዙ፣ ቅጂ አስቀሩ። ተማሪ መሆናችሁን የሚያስረዳ ማኅተም ያለው ወረቀት ከሌላችሁ በመግቢያው ዋጋ ላይ አስተያየት መጠየቅ አይቻልም።
5. የጸጥታውን ሁኔታ ከሚመለከተው አካል ጠይቁ። ይህንን ሦስት ጊዜ አድርጉት፦ አሁን፣ ዋዜማው ላይ፣ በጉዞው ጠዋት። «ባለፈው ሳምንት ሰላም ነበር» መልስ አይደለም።

*ፈቃድ ከዘገየ፦* ገንዘብ መሰብሰብ አትጀምሩ። ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላ ፈቃድ ሲከለከል ልጆቹን የምታዩበት ዓይን አይኖራችሁም።

ደረጃ 3፦ ሒሳቡን በከፋዩ ቁጥር ሥሩ (4 ሳምንት ሲቀር)

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ለስሌት ማሳያ ናቸው፤ የገበያውን ዋጋ ራሳችሁ ጠይቃችሁ ተኩ። 50 ተማሪና 5 አጃቢ እንበል፦

- ጀልባ ደርሶ መልስ፦ 9,000 ብር
- አስጎብኚ፦ 1,000 ብር
- መግቢያ፦ 55 ሰው በ40 ብር፣ 2,200 ብር
- ምግብና ውኃ፦ 55 ሰው በ60 ብር፣ 3,300 ብር
- የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃና ወረቀት፦ 500 ብር

ድምሩ 16,000 ብር። በዚህ ላይ 10 በመቶ መጠባበቂያ፣ 1,600 ብር ጨምሩ፤ 17,600 ብር ይሆናል።

አሁን ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ቦታ ደረስን። 17,600ን ለ50 ስታካፍሉ 352 ብር ይወጣል። ከ50ው ውስጥ ግን መክፈል የማይችሉ ልጆች አሉ። ስድስት ናቸው እንበል። ከፋዩ 44 ነው፤ 17,600 ለ44 ሲካፈል 400 ብር። ትክክለኛው መዋጮ 400 ነው። 352 አስከፍላችሁ ከሄዳችሁ 2,112 ብር ትጎድላላችሁ፤ ያን ጊዜ የምትቆርጡት ከምግቡ ወይም ከጀልባው ጥራት ይሆናል።

የ48 ብሩ ጭማሪ ወላጅ ላይ እንዳይወድቅ ከፈለጋችሁ ሌላ ምንጭ ፈልጉ፦ የክበቡ ገቢ፣ የቀድሞ ተማሪ፣ የሠፈር ነጋዴ። ዳቦውን አንድ ዳቦ ቤት በነጻ ቢሰጣችሁ ሒሳቡ ወዲያው ይቀላል። ለምኑ፤ ለተማሪ መለመን ነውር የለበትም።

ወጪዎቹን ደግሞ በሁለት ክፈሏቸው። ጀልባና አስጎብኚ ሰው ቢቀርም የማይቀንሱ ናቸው። ምግብና መግቢያ በሰው ልክ የሚቀንሱ ናቸው። ይህ ክፍፍል ደረጃ 4 ላይ ስለ ተመላሽ ስንነጋገር ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 4፦ ገንዘቡን ሰብስቡ (ከ4 እስከ 2 ሳምንት ሲቀር)

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመንግሥት ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል በነጻ እንዲሰጥ ወስኖ ነበር። የጉዞ መዋጮ ስለዚህ በፈቃደኝነት የሚከፈል ነው፤ ከምዝገባ፣ ከፈተና ወይም ከካርድ ጋር በምንም መንገድ አታያይዙት። የግል ትምህርት ቤትም ቢሆን ከወርኃዊ ክፍያው ለይቶ ይጠይቅ፤ ያለ ወላጅ ስምምነት በወሩ ክፍያ ላይ መደረብ ጠብ ነው።

1. ገንዘብ ያዡ እናንተ አትሁኑ። የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ በሕጋዊ የገቢ ደረሰኝ ይቀበል፣ ወይም ወላጅ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ ያስገባ። ጉዞ መሪ በኪሱ የተማሪ ገንዘብ ይዞ አይዞርም፤ ታማኝ ብትሆኑም አንድ ቀን ትጠየቃላችሁ።
2. የክፍል ኃላፊው መምህር የከፈለውን ልጅ ደረሰኝ ቁጥር ብቻ ይመዝግብ።
3. በሁለት ጊዜ መክፈል ይፈቀድ። ደመወዝ የሚወጣበትን ሰሞን አካቱ። «መምህር፣ ልጄን ሂጂ ብያታለሁ፤ ገንዘቡ ግን ወር ሲወጣ ነው» የሚል ወላጅ የሚለምን ወላጅ አይደለም፤ ቀኑ ያልደረሰለት ነው።
4. የመጨረሻ ቀን ቁረጡ፤ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ አስፍሩ።

*ያልከፈሉትን በተመለከተ*

ሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ወይም በሚኒ ሚዲያ ያልከፈሉ ልጆችን ስም አትጥሩ። ይህንን ያደረገ ሰው አይቻለሁ፤ ከተጠሩት አንዱ ልጅ በማግስቱ ትምህርት ቤት አልመጣም።

በምትኩ የክፍል ኃላፊው ልጁን ለብቻው ያናግር፤ ከዚያ ለወላጅ ይደውል። «እትዬ፣ ልጅዎ እንዲቀር አልፈለግንም፤ የሚቻልዎትን ይበሉን፣ ቀሪው ይሸፈናል።» በቂ ነው፤ ማስረጃ ከቀበሌ አምጡ አትበሉ። የተሸፈነላቸው ልጆች ዝርዝር ርዕሰ መምህሩና ገንዘብ ያዡ ጋ ብቻ ይቀመጥ። ጉዞው ላይ ለእነሱ የተለየ ባጅ፣ የተለየ ዳቦ፣ የተለየ መቀመጫ አይኖርም።

*ልጅ ከከፈለ በኋላ ከቀረ፦* ደንቡን ቅጹ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉ። ከጉዞው 7 ቀን በፊት ያሳወቀ ሙሉውን ይመለስለታል፤ ከዚያ ወዲህ የቀረ የምግቡና የመግቢያው ድርሻ ብቻ ይመለስለታል። የታመመ ልጅ ግን ተጠባባቂ ከተተካለት ሙሉውን ይውሰድ። ጉዞው ራሱ ከተሰረዘ ገንዘቡ ለሁሉም በሙሉ ይመለሳል። «ለሚቀጥለው ዓመት ይያዝ» አይባልም።

ደረጃ 5፦ የወላጅ ፈቃድ ቅጽ (3 ሳምንት ሲቀር)

ከወላጅ ፊርማ ውጭ ማንም ጀልባ አይወጣም። የሚከተለውን እንዳለ ገልብጣችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፦

«እኔ የተማሪ ________ ወላጅ/አሳዳጊ ልጄ በ________ ቀን (ተለዋጭ ቀን ________) ከጠዋቱ 1፡00 እስከ ቀኑ 8፡00 ከትምህርት ቤቱ ጋር በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ደርሶ/ደርሳ እንዲመለስ/እንድትመለስ ፈቅጃለሁ። በዕለቱ የምገኝበት ስልክ ________፤ እኔ ካልተገኘሁ የሚጠራ ሰው ስልክ ________። ልጄ ያለበት/ያለባት የጤና ችግር ________። የሚወስደው/የምትወስደው መድኃኒት ________። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መግባት፦ ይግባ/ትግባ __ ውጭ ይቆይ/ትቆይ __። የተመላሽ ደንቡን አንብቤያለሁ። ፊርማ ________»

ሁለት ነገሮች ላይ ልቆይ። የጤናው መስመር ባዶ ከመጣ መልሱት፤ «የለም» ተብሎ ይጻፍበት። አስምና የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ልጆች ማወቅ አለባችሁ፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ጀልባ ላይ መካከል ላይ፣ ከአጃቢ አጠገብ ይቀመጣል።

ሁለተኛው «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መግባት» የሚለው ነው። ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ተማሪዎች አሉን፤ ቅጽር ግቢውን፣ ጫካውንና ዕቃ ቤቱን አይተው ወደ ውስጥ ባይገቡ ምንም አይጎድልባቸውም። በወር አበባ ምክንያት የማይገቡ ሴት ልጆችም ይኖራሉ። ስለዚህ ማንም «ለምን አልገባህም? ለምን አልገባሽም?» ተብሎ እንዳይጠየቅ ለሁሉም አስቀድማችሁ ተናገሩ። ውጭ ለሚቆዩት አንዲት ሴት መምህርና የሚሠራ ነገር መድቡ፤ ለምሳሌ የቡናውንና የዛፎቹን ዓይነት መመዝገብ።

*ቅጹ ሳይፈረም ከመጣ፦* በጉዞው ጠዋት በስልክ የተሰጠ ፈቃድ አትቀበሉ። ልጁ አስመስሎ የፈረመው ሊኖር ስለሚችል ፊርማውን ከመመዝገቢያው ጋር አስተያዩ። የጠረጠራችሁት ላይ ደውሉ።

ደረጃ 6፦ ጀልባውን ተዋዋሉ (3 ሳምንት ሲቀር)

ወደብ ሄዳችሁ ጀልባውን በዓይናችሁ እዩ። በስልክ አትስማሙ። የሞተር ጀልባ ማኅበራቱ ተራ ስላላቸው የምታዩት ጀልባ የሚመጣው ጀልባ መሆኑን ውል ላይ አስጽፉ።

1. መቀመጫ አትቁጠሩ፤ የመንሳፈፊያ ጃኬት ቁጠሩ። ጀልባው የሚይዘው ሰው ያለው ጃኬት ያህል ነው። 55 ሰው ከሆናችሁ 55 ጃኬት። ከዚህ ውስጥ ለልጅ ልክ የሆኑት ስንት ናቸው? የአዋቂ ጃኬት የለበሰ ትንሽ ልጅ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ጃኬቱ ከራሱ በላይ ያልፍበታል።
2. ማሰሪያውን ሳቡት። የተበጠሰውን ወደ ጎን አውጡ፣ እንዲተኩ ጠይቁ።
3. ሞተሩን አስነሥተው ያሳዩአችሁ። መጠባበቂያ ሞተር ወይም መቅዘፊያ፣ ጀልባው ውስጥ የገባ ውኃ መቅጃ፣ ገመድ አለ?
4. በሁለት ጀልባ ከሆነ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይመለሳሉ፤ አንዱ ከሌላው ዓይን አይጠፋም። ይህ ይጻፍ።
5. የሚያርፉበት ቦታ በስም ይጻፍ። «ሌላ ቦታ ማረፍ የለም» የሚል መስመር ጨምሩ። የእኔን የክብራን ታሪክ አስታውሱ።
6. የመመለሻ ሰዓት ይጻፍ፦ ከዘጌ 6፡00 ሰዓት ላይ መነሣት።
7. ግማሹን ቅድሚያ፣ ግማሹን ከተመለሳችሁ በኋላ ክፈሉ። ሙሉውን ቀድሞ የተቀበለ ባለ ጀልባ ሁለት ሰዓት ቆማችሁ እንድትጠብቁት ማድረግ ይችላል።

*ለምን 6፡00?* ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ኖሮት ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲያገኘው ቶሎ ይናወጣል። ጠዋት መስተዋት የመሰለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ጀልባ ያንገላታል። ባለ ጀልባዎቹ ለምደውታል፤ ልጆቹ አልለመዱትም።

*ዋጋው ከገመታችሁት በላይ ከሆነ፦* ጃኬቱን ወይም የሰውን ቁጥር አትደራደሩበት። ወይ የተማሪውን ቁጥር ቀንሱ፣ ወይ ዘጌን ትታችሁ ደብረ ማርያም ሂዱ። ወደ ዘጌ የመኪና መንገድም አለ፤ የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ አጣርታችሁ በአውቶቡስ ማሰብ ይቻላል።

ደረጃ 7፦ ቤተ መጻሕፍቱን ሥራ አስይዙት (2 ሳምንት ሲቀር)

ይህንን ደረጃ ብዙ መምህር ይዘለዋል፤ ከዚያ ልጆቹ ዘጌ ደርሰው ፎቶ ተነሥተው ይመለሳሉ።

1. ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ጋር ተነጋግራችሁ ስለ ጣና፣ ስለ ደንና ስለ ገዳማት ያሉትን መጻሕፍት አንድ መደርደሪያ ላይ አሰባስቡ። ለሁለት ሳምንት ወደ ቤት አይዋሱም፤ እዚያው ይነበባሉ። አንዱ ልጅ ከወሰደው ሌላው 49 አያነበውም።
2. ተማሪዎቹን በአምስት በአምስት ክፈሉ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ጥያቄ ስጡ። እኔ የምሰጣቸው፦ ዘጌ ላይ ዛፉ ሳይቆረጥ እንዴት ቆየ? እዚያ ማረስና ከብት ማርባት በልማድ ለምን ተከለከለ? ጣና በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ምን ተለወጠ? እምቦጭ ከየት ገብቶ ምን አበላሸ? ደንገል ታንኳ እንዴት ይሠራል?
3. ቡድኑ መልሱን ግማሽ ከመጽሐፍ፣ ግማሽ ከቦታው ሰው ጠይቆ ያምጣ። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን ለአስጎብኚውና ለካህናቱ የሚያቀርበው ሁለት ጥያቄ ጽፎ ይያዝ። «አባ፣ ይህንን ዛፍ ማን ይጠብቀዋል?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ከእኛ ገለጻ የበለጠ ይዞ ይመለሳል።

የማይሄዱትም ልጆች በዚያ ቀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው ይሠራሉ። ግቢ ውስጥ ሲንከራተቱ እንዲውሉ አታድርጉ።

ደረጃ 8፦ ዋዜማው

- ዝርዝሩን በጀልባና በቡድን ለይታችሁ አራት ቅጂ አትሙ፦ ለእያንዳንዱ ጀልባ፣ ለርዕሰ መምህሩና በወደቡ ለሚቀር ሰው።
- ለ10 ተማሪ አንድ አጃቢ። በእያንዳንዱ ጀልባ ላይ ቢያንስ አንዲት ሴት መምህር።
- ልጆቹን ጥንድ አድርጓቸው። ጥንዱ የት እንዳለ ሁልጊዜ ያውቃል።
- ልብስ፦ ሴቶች ነጠላና ረዘም ያለ ቀሚስ፤ ወንዶች ረጅም ሱሪ። ቶሎ የሚወልቅ ጫማ። ሹራብ፤ ጠዋት ሐይቁ ይበርዳል።
- ምግብ የጾም ይሁን፦ ዳቦ፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ሙዝ፣ ቆሎ፣ ውኃ። የሚጾሙትም የማይጾሙትም ይበሉታል፤ ሁለት ዓይነት መያዝ አያስፈልግም።
- የኪስ ገንዘብ ወሰን አድርጉለት፤ መጠኑን ለወላጅ ንገሩ። ከማረፊያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በመንገዱ ዳርና ዳር ዕቃ ሻጮች አሉ፤ ገንዘብ ያለው ልጅ ሲመርጥ የሌለው ቆሞ ያያል።
- ፊሽካ፣ ፋሻ፣ የቁስል ማጽጃ፣ ለሚያቅለሸልሸው ሎሚና ፌስታል ያዙ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907ን ሁሉም አጃቢ ስልኩ ላይ ይመዝግብ። ስልክ ማዶ ላይ ሊቆራረጥ ስለሚችል ወደቡ ላይ የሚቀረው ሰው «7፡30 ካልደረሱ» የሚያደርገውን በጽሑፍ ይያዝ።

ደረጃ 9፦ የጉዞው ቀን

*1፡00 ጠዋት፣ ትምህርት ቤት።* ቅጽ፣ ደረሰኝ፣ ጥንድ። ቆጠራ አንድ። ስም እየጠራችሁ ቁጠሩ እንጂ ጭንቅላት አትቁጠሩ።

*1፡45፣ ወደብ።* ጃኬት በመጀመሪያ፣ ጀልባ ቀጥሎ። አጃቢው የእያንዳንዱን ልጅ ማሰሪያ ራሱ ይፈትሽ። ባለ ጀልባው «ውኃው ጸጥ ያለ ነው፣ ሲያስፈልግ ይለብሳሉ» ቢላችሁ አትስሙት። ወደ ጀልባው አንድ በአንድ፣ ከበድ ያሉት ልጆች መሃል፣ ትንንሾቹ ከአጃቢ ጎን። ቆጠራ ሁለት።

*2፡00፣ መነሻ።* መቆም የለም፣ እጅ ውኃ ውስጥ መክተት የለም። ጉማሬ ከታየ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ተሯሩጦ ጀልባውን ያጋድለዋል፤ ስለዚህ ገና ስትነሡ «ማየት የሚቻለው ተቀምጦ ነው» በሉ። ባለ ጀልባው ለፎቶ ቢጠጋ እንዲርቅ እዘዙ።

*3፡00፣ ዘጌ።* ቆጠራ ሦስት። ጃኬቱን ቡድን በቡድን ቆጥራችሁ ጀልባው ላይ አስቀምጡ። ማንም ዳር ላይ እግሩን አይንከር። በጣና ዳር ቢልሐርዝያ አለ፤ ተሕዋሱ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውኃ ውስጥ በቆዳ በኩል ይገባል፣ ሲገባም አይታወቅም። የነከረ ልጅ ካለ ስሙን ያዙ፣ ለወላጁ ንገሩ፣ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር፤ መድኃኒት አለው።

ሽቅብ የሚወስደው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ነው። አንድ አጃቢ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ጦጣ ዳቦ ስለሚነጥቅ ምግቡ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ።

*3፡30፣ ቤተ ክርስቲያን።* ደብዳቤውን ለአስተዳደሩ ስጡ፣ መግቢያውን ከፍላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። ጫማ ውጭ፣ በቡድን ተደርድሮ፤ 55 ጥንድ ጫማ ከተደባለቀ ግማሽ ሰዓት ይበላችኋል። በ25 በ25 ግቡ። ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል አይነካም፤ ፎቶ ከተፈቀደም ያለ ፍላሽ። ያልገቡት ውጭ ሥራቸውን ይሥሩ።

*5፡00፣ ምግብ።* ከቅጽሩ ውጭ። ፌስታልና የውኃ ጠርሙስ ቆጥራችሁ መልሱ፤ ሐይቁ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም።

*5፡45፣ ወደ ጀልባ። 6፡00፣ መነሻ።* ጃኬት፣ ቆጠራ አራት።

*ሲሳሳት ምን ይደረጋል?*

- ቆጠራው ከጎደለ፦ ጀልባ አይነሣም። ሁሉም ባለበት ይቀመጥ፤ ጥንዱን ጠይቁ፤ ሁለት አጃቢ ብቻ በመጡበት መንገድ ይመለሱ። ሁሉም ለፍለጋ ከተበተነ የጠፋው ሁለት ይሆናል።
- ጠዋት ነፋስ ካለ፦ አትነሡ። ተለዋጩ ቀን ለዚህ ነው። «ወደ ኋላ ይረግባል» በሚል ተስፋ ልጅ ይዞ አይገባም።
- ዘጌ ላይ ሳላችሁ ከተነሣ፦ እስኪረግብ ጠብቁ። ባለ ጀልባው ካመነታ ውሳኔው የእሱ ነው፤ «ይቻላል» ካለና እናንተ ካመነታችሁ ግን የእናንተ ነው። ለርዕሰ መምህሩ ደውሉ፤ ለወላጅ የሚነገረው ከአንድ ሰው አፍ ይውጣ።
- ሞተር ከቆመ፦ ልጆቹን ከቦታቸው አታንቀሳቅሱ። ሁለተኛው ጀልባ ይጎትት፤ ልጅ ከጀልባ ወደ ጀልባ ውኃ ላይ አይሻገርም።
- ባለ ጀልባው ሌላ ደሴት ላሳርፋችሁ ቢል፦ ውሉን አውጡና አሳዩት።

ደረጃ 10፦ ከተመለሳችሁ በኋላ

ወደብ ላይ ቆጠራ አምስት፤ ቀሪውን የጀልባ ክፍያ ከቆጠራው በኋላ ስጡ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት በር ላይ ለወላጅ ይሰጡ እንጂ ከወደቡ አይበተኑ፤ «ቤታችን እዚህ ነው» የሚል ሁልጊዜ አይጠፋም።

በሦስት ቀን ውስጥ ሒሳቡን ዝጉ። ገቢ በደረሰኝ ቁጥር፣ ወጪ በደረሰኝ፣ ልዩነት። አንድ ገጽ አድርጋችሁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ። ደረሰኝ ያልተገኘለት ወጪ ካለ፣ ለምሳሌ ዕቃ የተሸከመ ልጅ የተከፈለው፣ በሁለት ሰው ፊርማ አረጋግጡት።

መጠባበቂያው ካልተነካ 1,600 ብር ይተርፋል። ለ44 ከፋይ ብታካፍሉት 36 ብር ከሳንቲም ነው። ለመመለስ ወይም ለሚቀጥለው ጉዞ መሸፈኛ አድርጎ ለማስቀመጥ የሚወስነው የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረቱ ነው፤ እናንተ አትወስኑ፤ ለመምህራን ሻይ አይሆንም።

የቡድኖቹን መልስ በአንድ ወፍራም ደብተር ሰብስባችሁ፣ አስጠርዛችሁ፣ ቁጥር አሰጥታችሁ ያ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ እንደ ማንኛውም መጽሐፍ ትመዝግበው። በሚቀጥለው ዓመት የሚሄዱት ልጆች ደረጃ 7 ላይ መጀመሪያ የሚከፍቱት እሱን ነው፤ ጀልባ የምትከራዩት እናንተም የዘንድሮውን ዋጋና የጃኬቱን ቁጥር በመጨረሻው ገጽ ላይ ጻፉበት።